የማሾ መጽሔት የግጥም ምሽትና በረኛው አያ ጓንጉል

አያ ጓንጉልን ያዩ ሰዎች ሲያወሩ፣ ሰውዬው ወግ ከጀመረ ሐዘንተኛ እንኳ ድንኳኑን ጥሎ ይመጣ ነበር ይላሉ። ፊደል አልቆጠረም፤ አፉ ግን ሰባት ቅኔ ቤት የዞረ ይመስል ነበር።

ያኔ በወይራ አምባ ከተማ መምህር ዘርጋው የሚባሉ አስተማሪ በመብራቷ ስም «ማሾ» የምትባል የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ጀምረው ነበር። ሁለት ጊዜ ታተመች። በሦስተኛው ማተሚያ ቤቱ «አራት መቶ ብር ካላመጣችሁ ወረቀት አላስነካም» አለ። መምህሩ ደመወዛቸውንም ካባቸውንም ለመጽሔቷ ጨርሰዋል። የቀራቸው ተስፋ አንድ ነው፤ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ የግጥምና የሙዚቃ ምሽት አሰናድቶ መግቢያ አንድ አንድ ብር ማስከፈል፣ ባለጸጋውንም መለመን። በዚያች ምሽት ገንዘቡ ካልሞላ ማሾ ጠፋች ማለት ነው።

«በሩ ላይ የሚቆምልኝ፣ ባለማዕረግ የማይፈራ ሰው ነው የምፈልገው» አሉና አያ ጓንጉልን በረኛ አደረጉት።

፩

መጀመሪያ የመጡት ፊታውራሪ ወልደሰማያት ናቸው። ከብቶቻቸው ውሃ ሲወርዱ ወንዙ ቆሞ ተራ የሚጠብቅላቸው ባለጸጋ፤ እጃቸው ግን ከገዛ ኪሳቸው ጋር በወጉ አይተዋወቅም። አያ ጓንጉልን በሩ ላይ ሲያዩ ሳቁበት።

«አንተ፣ ፊደል የማትለየው! መጽሔት ምን ሊያደርግልህ ነው?»

አያ ጓንጉል እጅ ነሳና፣ «ጌታዬ፣ እኔስ አልተማርሁም ብዬ ነው የማላነበው። እርስዎ ምን ብለው ነው?»

፪

ፊታውራሪ አንዲት ብር ወርወር አድርገው ከስድስት አሽከር ጋር ሊገቡ ሲሉ አያ ጓንጉል እጁን ዘረጋ።

«የእነዚህስ?»

«እነዚህ ሰዎች አይደሉም፤ ጥላዎቼ ናቸው» አሉ።

«እንግዲያው ይግቡ። ጥላ ግን ወንበር አይሰጠውም፤ መሬት ላይ ነው የሚነጠፈው።»

ፊታውራሪ አምስቱን ጥላ ወደ ቤት መለሱ፤ ለአንዱ ከፈሉ። ሲከፍሉ ያቃሰቱት እስከ ገበያው ድረስ ተሰምቶ፣ ሰው የታመመ መስሎት ጸበል ይዞ ሮጠ አሉ።

፫

ምሽቱን መምህር ዘርጋው በራሳቸው ግጥም ከፈቱት። ቤት የማይመታ፣ መነሻውም መድረሻውም የማይያዝ አዲስ ዓይነት ግጥም ነበር። ከፊት የተቀመጡት የተማሩ ሰዎች «እህ! እህ!» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። መምህሩ ግን ልባቸው አላመነም፤ ወደ በሩ ብቅ ብለው ጠየቁ።

«አያ ጓንጉል፣ እውነቱን ንገረኝ፤ ገባህ?»

«እኔማ መሃይም ነኝ፤ አልገባኝም ብዬ ዐርፌ ቆምሁ። ያሳዘኑኝ እነዚያ የተማሩት ናቸው፤ አንገታቸው እስኪቀጭ ነቀነቁልዎ።»

፬

አዝማሪ ሽፈራው ዕድሜውን ሙሉ የኖረው እንግዳ «ተቀበል!» ብሎ የሰጠውን ግጥም በማሲንቆ መልሶ በማዜም ነው። ከዚያች ምሽት በፊት ግጥም በወረቀት ሲነበብ አይቶ አያውቅም። ዳኛ እንግዳወርቅ ሰማንያ ገጽ ግጥም ታቅፈው ተነሡና የመጀመሪያውን ስንኝ ሲያነቡ ሽፈራው ተቀበላቸው። ሁለተኛውን ሲያነቡም ተቀበላቸው። ሰማንያው ገጽ መቶ ስድሳ ሊሆን ሆነ።

«ዝም በል አንተ!» ብለው ጮኹበት።

«ጌታዬ፣ የሰጡኝን ነው የተቀበልሁ» አለ ሽፈራው።

አያ ጓንጉል ከበሩ ሆኖ፣ «ይተዉት ጌታዬ! እርስዎ የሚያስተኙትን ሰው የሚቀሰቅስልዎ እሱ ነው።»

፭

ዳኛው ጨረሱ። ሲጀምሩ ጢም ያልነበረው ሰው ሲጨርሱ ጢሙን እያበጠረ ነበር ይባላል። ነፋስ ሊቀበሉ ወደ በሩ ወጡና አያ ጓንጉልን ያዙት።

«እህሳ፣ ግጥሜን እንዴት አገኘኸው?»

«እንደ ችሎትዎ ነው ጌታዬ፤ የገባ ሰው መቼ እንደሚወጣ አያውቅም።»

፮

የሙዚቃው ተራ ደረሰ። ሽፈራው ማሲንቆውን ሲያስለቅሰው ፊታውራሪ ተነሡና አንዲት ብር በምራቃቸው አርሰው ግንባሩ ላይ ለጠፉ። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። እልልታው ሲበርድ ብሯን ላጥ አድርገው ወደ ኪሳቸው መለሱ። በሁለተኛው ዘፈን ያችኑ ለጠፉ፤ ያችኑ አነሡ። በሦስተኛውም እንዲሁ። ሽፈራው ግራ ገብቶት ወደ በሩ ቢያይ፣ አያ ጓንጉል ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

«አይዞህ ሽፈራው! ሽልማት አይደለም፤ ፊታውራሪ ትኩሳትህን እየዳሰሱልህ ነው።»

፯

መጨረሻ ላይ ቢቆጠር የተገኘው ሦስት መቶ ብር ብቻ ሆነ። መምህር ዘርጋው ፊታቸው ዐመድ መሰለ። ያን ጊዜ ፊታውራሪ በትኩሳቱ ነገር የተሳቀባቸውን ሊያጥቡ ብድግ አሉና፣ «መቶውን እኔ ሰጥቻለሁ!» አሉ። ጭብጨባ ሆነ፤ መምህሩ እንባቸው መጣ።

አያ ጓንጉል ግን አላጨበጨበም። ፊታውራሪ አምና ለድልድዩ እንዲሁ ቃል ገብተው፣ ከተማው እስከ ዛሬ ወንዙን በድንጋይ ላይ እየዘለለ ነው የሚሻገረው።

«ዋስ ይጥሩ ጌታዬ!» አለ።

ሰው ሁሉ ወደ ፊታውራሪ ዞረ። ባገሩ ልማድ ቃል የገባ ሰው ዋስ ይጠራል፤ ቃሉን ካጠፈ የሚያዘው ዋሱ ነው።

«እኔን ዋስ?» አሉ ፊታውራሪ። «ዋሴ ስሜ ነው!»

«ደግ ነው፤ ዋሱን ተቀብለናል። እንግዲህ መቶው ብር እስኪመጣ ስምዎ ከነማዕረጉ እኛ ዘንድ ታስሮ ይቆያል። እስከዚያው አገሩ ሁሉ ‹አንተ ሰውዬ› እያለ ይጠራዎታል።»

ዳኛ እንግዳወርቅ ከተቀመጡበት፣ «ሕጉም ይኸው ነው» አሉ።

ፊታውራሪ ጥለው ሊወጡ ተነሡ። መንገድ የሚለቅላቸው ጠፋ። በሩ አጠገብ የቀረችው አንዲት ጥላቸው፣ ያ ብቸኛ አሽከር፣ ሳያስበው «አንተ ሰውዬ፣ በቅሎዋ ቀርባለች» አለና አፉን በጋቢው ያዘ። ፊታውራሪ ባሉበት ደርቀው ቀሩ። ከዚያ ከመቀነታቸው ሥር፣ ፀሐይ አይቶ የማያውቅ ጥቅል ብር አወጡና አያ ጓንጉል እግር ሥር ወረወሩት።

«ይኸው መቶ ብር! አሁንስ ማን ነኝ?»

አያ ጓንጉል ጎንበስ ብሎ አነሣውና ለመምህሩ እያቀበለ፣

«ቆይ እስቲ አንተ ሰውዬ፤ መጀመሪያ ይቆጠር።»