የዋርካው ሙዚቃ ቤትና ልጅ ጠባቂው አያ ጅቦ

አንድ ጊዜ፣ አውሬና የቤት እንስሳ ለሙዚቃ ሲሉ ጠባቸውን ትተው በአንድ ጥላ ሥር ይቀመጡ በነበረበት ዘመን፣ ወንዝ ዳር ካለ ትልቅ ዋርካ ሥር የሙዚቃ ቤት ነበራቸው። ቤት ይባል እንጂ ግድግዳ የለውም። ጣሪያው ቅጠል፣ መድረኩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ አንዱ ይጫወታል፣ ሌላው ያዳምጣል። የዋርካው ጌታ አያ አንበሶ ነበር። ማን መቼ እንደሚጫወት የሚወስነው ግን ቀበሮ ነው።

ቀበሮ ወር በገባ ቁጥር የሚመጡትን ተጫዋቾች ስም ቅርፊት ላይ ጽፎ ግንዱ ላይ ይለጥፋል። ያን ወር የተለጠፈው እንዲህ ይላል፦ «አንደኛ ቅዳሜ፣ እመት ቆቅ በንጋት ዜማዋ። ሁለተኛ ቅዳሜ፣ እመት ፍየል በማሲንቆዋ። ሦስተኛ ቅዳሜ፣ የእንቁራሪቶች ባንድ። አራተኛ ቅዳሜ፣ ጉሬዛ በከበሮው። ማሳሰቢያ፦ ልጅ ይዞ መቀመጥ ክልክል ነው። ልጆች ጓሮ ባለው በረት ይጠበቃሉ።»

እመት ፍየል ስሟን ፊደል በፊደል እየቆጠረች አነበበችው። ሁለት ዓመት ሙሉ የለመነችው ነገር ነው። ደግማ ልታነበው ስትል ሁለቱ ግልገሎቿ፣ ቡሬና ሻሼ፣ ቅርፊቱን ሊግጡ ተንጠራሩ።

«ተዉ እንጂ! የእናታችሁን ስም ትበሉታላችሁ?» አለችና በቀንዷ ገፋ አደረገቻቸው። ከዚያ ማሳሰቢያው ላይ ዓይኗ አረፈ። «አቶ ቀበሮ፣ ልጆቹን የሚጠብቀው ማን ነው?»

«አያ ጅቦ ነዋ!»

«ጅብ? የትኛው ጅብ?»

«ስንት ጅብ አለን? ያው እሱ ነው።»

«ያሾፉብኛል እንዴ?»

«ምን አሾፍብሻለሁ! አያ ጅቦ ዛሬ ሌላ ነው። ምሎ ተገዝቶ ነው ሥራውን የያዘው። ደግሞ አስቢው፤ እሱ በር ላይ ከቆመ ማን ደፍሮ ልጆቹን ይነካል?»

«እሱንስ ማን ይጠብቅልናል?»

ቀበሮ ፈገግታውን ሰብሰብ አደረገ። «እመት ፍየል፣ ካልፈለግሽ ንገሪኝ። ስምሽን ፍቄ በግን እጽፋለሁ፤ ስትለማመጠኝ ነው የከረመችው። አንዴ የተፋቀ ስም ግን እዚህ ግንድ ላይ አይመለስም።»

«ተወው፣ አትፋቀው» አለች ፍየል። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። እዚህ ግን ጉድ በሉ! በሚያውቁት አገር፣ ሆዱን በሚያውቁት ጎረቤቶች መካከል ነው ቁርበቱ የተነጠፈለት።

አንደኛው ቅዳሜ ደረሰ። እመት ቆቅ ሰባት ጫጩቶቿን በረቱ ውስጥ አስገብታ መድረኩ ላይ ወጣች። እንዴት ያለ ዜማ! አህያ ጆሮውን አቆመ። አያ አንበሶም ዓይኑን ጨፍኖ ጭራውን ወዲያ ወዲህ አወዛወዘ። ጭብጨባው ሲያበቃ ቆቅ ወደ ጓሮ ሮጠች። ወዲያው ጩኸቷ ተሰማ።

«ስድስት ናቸው! አንዷ የለችም! የመጨረሻዋ፣ ትንሿ የለችም!»

አያ ጅቦ በእሾህ ጥርሱን እየጎረጎረ ከበረቱ በር ላይ ተነሣ። «ስድስት ገቡ፣ ስድስት ወጡ። እኔ ከስድስት በላይ መቁጠር አልችልም።»

«ሰባት ናቸው! ሰባት አስገብቻለሁ!»

ቀበሮ እየተጣደፈ መጣ። «እርግጠኛ ነሽ፣ እመት ቆቅ? ጭብጨባው ራስሽን አዙሮት ይሆናል።»

«እናት የልጆቿን ቁጥር ትሳሳታለች?»

«ልጅ ያላት ሴት መጀመሪያስ መድረክ ላይ ምን ትሠራለች?» አለ አህያ ከኋላ፣ የሰማውን ሁሉ የሚደግም ነውና።

«እውነት ነው። እኔ ብሆን ቤቴን ዘግቼ ልጄን እጠብቃለሁ» አለች በግ። ስሟ እንዲለጠፍ ስትለማመጥ የከረመችው በግ!

ፍየል ዳር ቆማ አያ ጅቦን አየችው። ከከንፈሩ ጥግ ትንሽ ቡናማ ላባ ተጣብቃ በነፋስ ትንቀጠቀጣለች። አህያም አየ። በግም አየች። ጉሬዛ ቅርንጫፍ ላይ ሆኖ አየ። ሁሉም አየ፣ ማንም አላየም። አያ አንበሶ «ዜማው ጥሩ ነበር፣ የመጨረሻው ጩኸት ግን በዛ» ብሎ ተነሥቶ ሄደ።

ፍየልም ዝም አለች። የሚቀጥለው ቅዳሜ የሷ ነበራ!

በሳምንቱ መካከል ወንዝ ስትወርድ እመት ቆቅን አገኘቻት። ቆቅ ስድስቱን ልጆቿን በክንፏ ሥር ጨምቃ ተቀምጣለች።

«አይተሻል አይደል?» አለቻት።

«ምኑን?»

«ላባዋን።»

ፍየል ውሃውን ትክ ብላ አየች። «አይቻለሁ።»

«ታዲያ?»

ፍየል ጎንበስ ብላ ውሃ መጠጣት ጀመረች። ቆቅ «ይሁን፣ እህቴ። ቅዳሜሽ ይቅናሽ» ብላ ልጆቿን ነድታ ሄደች። ብትረግማት ይሻላት ነበር።

ቅዳሜ መጣ። ባሏ አውራው ፍየል ተራራ ከወጣ ወር ሆኖታል፤ ልጆቿን የምትተውለት የላትም። በረቱ በር ላይ ጎንበስ ብላ በጆሯቸው አንሾካሾከች። «ስሙኝ። እኔ ስጫወት እናንተ ሜ ማለት አታቋርጡ። አንድ ጊዜ እንኳን ዝም አትበሉ። ድምፃችሁን ልስማው።»

አያ ጅቦ ማሲንቆዋን አሸተተ። «የማን ቆዳ ነው የተወጠረበት? ደስ የሚል ሽታ አለው።»

«የአያቴ ነው» አለች ፍየል ዓይኑን እያየች። «እጅህን አንሣ።»

ከዚያ ወጣች። ጣቷ የማሲንቆው ጭራ ላይ ሲያርፍ ዋርካው ሥር ጸጥታ ሆነ። እሷ ግን ማሲንቆውን በአንድ ጆሮ፣ ጓሮውን በሌላው ነበር የምትሰማው። ሜ። ሜ። አሉ። ሁለቱም አሉ።

«ልጆቹን ዝም አሰኙልን!» አለ ቀበሮ። ማንም አልሰማውም።

የዋርካው ወግ እንዲህ ነው። አዝማሪ ሲጫወት አድማጭ «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪውም ያንኑ ቃል ሳይቀንስ ሳይጨምር በዜማ ያወጣዋል። ግጥሙ የሰጪው ነው፤ አዝማሪ አይጠየቅበትም። መጀመሪያ የተነሣው አህያ ነበር።

«ተቀበይ እመት ፍየል!
ሸክሜን አራግፌ መጣሁ ልስማሽ ብዬ፣
ጀርባዬ ቢላጥም ደህና ነው ጆሮዬ!»

ፍየል ተቀብላ ስታዜመው ሁሉም በሳቅ ፈረሰ። በግ ሰጠች፣ ጉሬዛም ሰጠ። የእያንዳንዱ ቃል በፍየል ጉሮሮ ሲያልፍ እንደ ማር ይጣፍጥ ነበር። ጓሮ የቆመው አያ ጅቦ ይህን ሰማ። ሆዳም ደግሞ የሚስገበገበው ለሥጋ ብቻ አይደለም፤ ለሙገሳም ይስገበገባል። በረቱን ዘግቶ፣ ምራቁን እያንጠባጠበ አድማጩ መካከል ገባ።

«እኔም እሰጣለሁ! እኔንም ተቀበይኝ!» አለና ደረቱን ነፋ። ሲያስብ ቆየ፤ በሕይወቱ የሚኮራበትን ሲፈልግ አንድ ነገር ብቻ አገኘ።

«እንደኔ ልጅ ጠባቂ ከወዴት ይገኛል፣
የቆቅ ጫጩት ሆዴ ውስጥ ሞቆት ይተኛል!»

ቀበሮ ብድግ አለ። «ይሄን አትቀበይ! ዝለዪው! ሌላ ስጡ፣ ሌላ!»

ፍየል የማሲንቆዋን ደጋን በአየር ላይ አቁማ ቀረች። ከዘፈነችው ስሟ ተፋቀ ማለት ነው፤ ሁለት ዓመት የለመነችው። ልጆቿም ገና በረት ውስጥ ናቸው። ቀና ስትል ከሩቅ ቁጥቋጦ ሥር ቆቅን አየቻት። ቆቅ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። አንገቷን አስግጋ ታያታለች።

«የአህያን ተቀብዬ የአያ ጅቦን ልዝለል?» አለች ፍየል። «ወጉ እንዲህ ነው እንዴ፣ አቶ ቀበሮ?»

አለችና ተቀበለችው። ድምፅዋን ለቅቃ፣ ቃል ሳትቀንስ፣ አንዴ፣ ደግማም፣ ሦስተኛም አዜመችው። ዜማው አምሮ ቃሉ ሲከረፋ እንዴት እንደሚያም የሰማ ያውቀዋል። አህያ ጆሮውን ጣለ። በግ መሬት መሬት አየች። ያጨበጨበው አያ ጅቦ ብቻ ነበር።

«ሸጋ! እንዴት አሳመርሽው! ሌላም አለኝ፣ ተቀበይ!
የቆቋስ ትንሽ ናት፣ ጥርሴ ሥር ቀረች፣
የፍየሏ ግልገል ግን እንዴት አማረች!»

ፍየል ማሲንቆዋን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠች።

«ይሄን አልቀበልም።»

በአንድ ዝላይ ከመድረኩ ወረደች፣ በሌላው በአህያ ጀርባ ላይ አለፈች፣ የበረቱን በር በቀንዷ በረቀሰችው። ቡሬና ሻሼ እንደታዘዙት ሜ እያሉ፣ ድምፃቸው ተሰልሎ፣ ወጡ። ፊት ፊት እየነዳች መድረኩ ላይ አወጣቻቸው።

«ልጅ መድረክ ላይ ክልክል ነው!» ጮኸ ቀበሮ።

«ክልክል?» አለች ፍየል። «ልጅ ማስገባት ክልክል ነው፣ ልጅ መብላት ግን ተፈቅዷል? አያ ጅቦስ ሆዳም ነው፣ ሆዱን አልደበቀንም። እኛ ግን ላባዋን አየን! አንተ አህያ አየህ፣ አየህና ቆቅን ሰደብክ። እኔም አየሁ። ስሜ እንዳይፋቅ ብዬ እንደ ድንጋይ ዝም አልኩ፤ ላፍር ይገባኛል። እርስዎስ አያ አንበሶ? ዘፈን ስትዘፍን ሰሟት፤ ልጄ ጠፋች ስትል ጆሮዎ የት ሄደ?»

ቀበሮ እጁን አጨበጨበ። «ይበቃል! ዝግጅቱ ይቀጥላል! እንቁራሪቶች፣ ውጡ፣ ቶሎ!»

ከወንዙ ዳር የእንቁራሪቶቹ አለቃ ራሱን ብቅ አደረገ። «አንወጣም። ዛሬም አንወጣም፣ በቅዳሜያችንም አንወጣም።»

«ጉሬዛ! ከበሮህን ምታ!»

ጉሬዛ ከበሮውን በግንዱ ላይ አንጠለጠለና እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ።

አያ አንበሶ ቀስ ብሎ ተነሣ። «ቀበሮ፣ ጅብን በረት ላይ ያቆመው ማን ነው?»

«ጌታዬ፣ እርስዎ የልጅ ጩኸት አልወድም ስላሉኝ ነዋ!»

«ጅብ አቁም አልኩህ?»

«ማንን እንደማቆም አልጠየቁኝም።»

ሁሉ የሚፈራው ያ የአያ አንበሶ ትልቅ ራስ ወደ ታች ዘመመ።

«ግጥሜ አልጣማችሁም እንዴ?» አለ አያ ጅቦ ግራ ተጋብቶ። መልሱን ያገኘው ከአህያ የኋላ እግር ነው። አህያ ዘሩ ከጅብ ሲሸሽ የኖረ ነው፤ ያን ቀን ግን እፍረቱ ከፍርሃቱ በለጠ። አያ ጅቦ እያነከሰ ወንዙን ተሻገረ። ቀበሮም ሁሉ ዓይን ወደሱ ሲዞር ጊዜ ጭራውን ቆልፎ ከኋላው ተከተለ። የበላውም በር ላይ ያቆመውም በአንድ መንገድ ሸሹ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ማሳሰቢያው ከግንዱ ላይ ተነሥቶ ነበርና እንቁራሪቶቹ ወጡ። ልጆቹ ከመድረኩ ፊት ለፊት ሣሩ ላይ ተደረደሩ። ግልገል ይጮኻል፣ ጥጃ ይራገጣል፣ ቡሬ የአንዱን እንቁራሪት እግር ሊቀምስ ሲል ዘፈኑ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ። አያ አንበሶን ቁጣ ቁጣ ቢለውም ዝም በሉ የሚል ቃል አልወጣውም። እመት ቆቅ ስድስቱን ይዛ ዳር ተቀምጣለች። «አንድ ጊዜ ዝፈኝልን» ቢሏት ራሷን ነቅንቃ እምቢ አለች። ማንም ዳግም አልጠየቃትም። ፍየል ብቻ ሄዳ ከጎኗ ተቀመጠች፣ ቆቅም ክንፏን ትንሽ ሰብስባ ቦታ ሰጠቻት።

ከዚህ የምንማረው፣ ልጅ ሲጠፋ እናቲቱን ለመውቀስ ከመሮጣችን በፊት ጅብን በር ላይ ያቆመው ማን እንደሆነ፣ ላባዋን አይቶ ዝም ያለውም ማን እንደሆነ መጠየቅ እንደሚገባን ነው።