በጉም ውስጥ የመለሰችው ሚዳቋ

ልጃችሁን ጠዋት ለሌላ ሰው ሰጥታችሁ ስትመለሱ፣ ያ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚደክመው ለልጁ ይሁን ለአለቃው ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

አንድ ጊዜ፣ በአንድ ሸለቆ ውስጥ የሚኖሩ እንስሳት ሣር ፍለጋ ሲሰማሩ ልጆቻቸውን የሚያውሉበት ትልቅ ሾላ ነበር። ከሾላው ሥር ልጆቹን የምትጠብቅና የምታስተምር አንዲት አሮጊት አህያ ነበረች። እመት አህይት ይሏታል። ወልዳ አታውቅም። ጀርባዋ በጭነት ተልጦ ዳግመኛ ጠጉር አላበቀለም። ጠዋት ዘጠኝ ልጆች ይመጡላታል፤ ማታ ዘጠኝ ሆነው ይመለሳሉ። በዚያ ሸለቆ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ከወንዙ ማዶ አያ ጅቦ ይኖራል።

እመት አህይት ዕቅድ የምታወጣው ልጆቹን እያየች ነው። ሦስት ሦስት አድርጋ ትመድባቸዋለች። ጥጃው ቡሬ መጋፋት ስለሚወድ ከጃርቱ ልጅ ጋር አስቀመጠችው፤ በሁለት ቀን መጋፋቱን ተወ። ሦስተኛዋ ጓደኛቸው ትርንጎ የምትባል ትንሽ ሚዳቋ ነበረች። ትርንጎ አትናገርም። ስትጠራ ጆሮዋን ታቆማለች እንጂ ድምፅ አታወጣም። እመት አህይትም የቡድኑ ሰሚ አደረገቻት። የትርንጎ ጆሮ ቀጥ ሲል ቡሬና የጃርቱ ልጅ ባሉበት ልጥፍ ብለው ይተኛሉ።

ከሁሉም የሚወዱት ጨዋታ አኩኩሉ ነበር። ፈላጊው ዓይኑን ጨፍኖ «አኩኩሉ!» ይላል፤ ሊደበቁ የሚሮጡት «አልነጋም!» ብለው ይመልሳሉ፤ ሁሉም ቦታ ቦታውን ሲይዝ «ነጋ!» ይባልና ፍለጋው ይጀመራል። እመት አህይት በዚህ ላይ የራሷን ሕግ ጨምራለች። ጠሪው ከእሷ ሌላ ከሆነ ማንም እንዳይመልስ፣ ማንም እንዳይተነፍስ። አንዳንድ ቀን የፍየሏን ልጅ ድምፁን አወፍሮ እንዲጠራ ታደርግና ማን እንደተታለለ ታያለች።

«ማነው የመለሰው?»

«ቡሬ ነው! ቡሬ ነው!»

«ቡሬ፣ አለቀልህ፤ በላሁህ» ትለውና ጆሮውን በከንፈሯ ትይዘዋለች። ልጆቹ በሳቅ ይንከባለላሉ። ቡሬም እየሳቀ ይማራል።

አንድ ቀን አንበሳ ሸለቆውን ሊጎበኝ መጣ። ከኋላው ቀበሮ ይከተለዋል። ቀበሮ ከአንበሳ ግዳይ የተረፈውን እየለቃቀመ የሚኖር ነው፤ የሚመኘው ግን ከዚያ የተሻለ ቁራጭ ነው። ሲደርሱ ልጆቹ ተደብቀው ነበርና የሾላው ሥር ጭር ብሏል።

«ልጆቹ የታሉ?» አለ አንበሳ።

«እየተማሩ ነው ጌታዬ።»

«እኔ እኮ ምንም አልሰማም።»

«ዛሬ የሚማሩት ዝም ማለት ነው ጌታዬ።»

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «ዝም ማለትን ድንጋዩም ያውቅበታል። ለዚያም አስተማሪ ይቀጠርለት?»

አንበሳ ሳቀ። አንበሳ ሲስቅ፣ ሊቀበሉት መጥተው ጎንበስ ብለው የቆሙት የልጆቹ እናቶችም ሳቁ። ላሟ ሳቀች፤ በጓ ሳቀች፤ የትርንጎም እናት ሳቀች።

«ዕቅድሽስ?» አለ አንበሳ።

«እዚህ ነው» አለች፤ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ።

«ጌታዬ ራስሽን ከፍተው ይዩት እንዴ?» አለ ቀበሮ። «ከፈቀዱልኝ ዕቅዱን እኔ አወጣዋለሁ።»

አንበሳ ፈቀደ።

በሦስተኛው ቀን ቀበሮ በደረቅ ቆዳ ላይ የተጻፈ ዕቅድ ይዞ መጣ። የእመት አህይት ቡድኖች ፈረሱ። ቀንድ የሚያወጡ በአንድ ወገን፣ የማያወጡ በሌላ ወገን፤ አጫጭሮቹ ከፊት፣ ረጃጅሞቹ ከኋላ ሆኑ። ከሩቅ ሲታይ ያምራል። አኩኩሉም ተሻሽሏል። በተጠራ ቁጥር፣ ጠሪው ማንም ይሁን ማን፣ እያንዳንዱ ልጅ ከተደበቀበት ሆኖ ጮክ ብሎ ይመልሳል። አንበሳም ከሾላው ፊት ለፊት ባለው ጉብታ ላይ እንደተጋደመ ድምፁን እየቆጠረ መማራቸውን ያረጋግጣል።

«ተደብቆ የሚጮህ ልጅ ምኑን ተደበቀው?» አለች እመት አህይት።

«ተሳትፎ ነው የሚባለው።»

«ማዶ ጅብ አለ እኮ!»

«አያ ጅቦ?» ቀበሮ ከት ብሎ ሳቀ። «አጥንትና ድንጋይ ለመለየት ነክሶ የሚያይ ፍጡር! እሱ ነው ጨዋታ የሚማረው? ይልቅ ስለዚህች አስቢ።» በአፍንጫው ትርንጎን ጠቆመ። «ከዘጠኝ ልጅ ስምንት ድምፅ ብቻ ከተሰማ ጌታዬ ቦታሽን ለእህቴ ልጅ ይሰጡታል። የእህቴን ልጅ መቼም ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች። አምና የቆቅ ጫጩቶች ጠብቅ ተብሎ አንድም ጫጩት አልተረፈም።

እመት አህይት ሌሊቱን ስታስብ አድራ ጠዋት እሺ አለች። እኔ ብሄድ ይብስባቸዋል ብላ ነው። ይህንኑ ብለው እሺ ያሉ ከእሷ በፊትም ብዙ ነበሩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትርንጎን ለብቻዋ እየወሰደች ታለማምዳት ጀመር።

«አልነጋም በይ የኔ እናት።»

ትርንጎ ጆሮዋን አቆመች።

«በጆሮሽ አይደለም፤ በአፍሽ።»

«ድዳ! ድዳ!» አለ የፍየሏ ልጅ ከወዲያ።

ትርንጎ አንገቷን ደፋች። በነጋታውም፣ በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ ሆነ። በስምንተኛው ቀን ግን እንደ ክር የቀጠነ ድምፅ ከአፏ ወጣ፤ «አልነጋም።» ልጆቹ ፈነደቁ። ቡሬ ፊቷን ላሳት። እናቷ ማታ ስትሰማ በደስታ አለቀሰች። ትርንጎም ድምፅዋ ሁሉንም እንዳስደሰተ አየች። ከዚያ ወዲያ ማንም ይጥራ ማን፣ ከሁሉ ቀድማ የምትመልሰው እሷ ሆነች።

አንበሳ ከጉብታው ላይ ሰማ። ዘጠኝ ቆጠረ። ለቀበሮ አንድ ሙሉ ታፋ ተሰጠው።

ከወንዙ ማዶም አያ ጅቦ ሆዱን ለፀሐይ ሰጥቶ ይሰማ ነበር። ሞኝ ነው፤ ነገር ግን በየቀኑ በጩኸት የሚደጋገመውን ሞኝም ይይዘዋል።

ሐምሌ ላይ አንድ ጠዋት ሸለቆውን ጉም ሞላው። እመት አህይት የራሷ ኮቴ አልታይ አላት።

«ዛሬስ ጨዋታው ይቅር» አለች።

«ዕቅዱ ላይ ጉም የሚል የለም» አለ ቀበሮ። «እንዲያውም ጌታዬ ዛሬ ማየት ስለማይችሉ ልጆቹ ጠንከር አድርገው ይመልሱ።»

እመት አህይት ዓይኗን ጨፍና ጠራች። ልጆቹ እየመለሱ በጉሙ ውስጥ ተበተኑ። «ነጋ!» ከመባሉ በፊት ግን ከወንዙ በኩል ሌላ ድምፅ ተሰማ። ወፍራም ነው፤ ምራቅ የሞላው ነው።

«አኩኩሉ!»

«ዝም በሉ!» አለች እመት አህይት። ጩኸቷ በልጆቹ መልስ ተዋጠ። ከየቁጥቋጦው፣ ከየድንጋዩ ሥር፣ ዘጠኝ ድምፅ፣ ከሁሉ ቀድሞም ያ ቀጭኑ፤

«አልነጋም!»

እመት አህይት ወደ ቀጭኑ ድምፅ ሮጠች። ከግንድ ጋር ተጋጨች። ተነሣች።

«አኩኩሉ!»

«አልነጋም!» ስምንት ድምፅ ነበር። ቀጭኑ በውስጡ የለም።

«የእኔ ድምፅ አይደለም! ልጆቼ፣ አትመልሱ!» ጉሙን በኋላ እግሯ ትራገጠው ጀመር።

«አኩኩሉ!»

ስድስት ድምፅ። ቀጥሎ አምስት። ከዚያ በኋላ አያ ጅቦ ሆዱ ስለሞላ መጥራቱን ተወ። ጉሙ ሲገለጥ አምስቱ ልጆች አሁንም በየተደበቁበት ሆነው ጥሪ ይጠብቁ ነበር። ትርንጎ የለችም። ቡሬ የለም። ሁለቱ የበግ ግልገሎች የሉም።

አንበሳ ሸንጎ ሰበሰበ። አያ ጅቦም ቀረበ።

«ጨዋታውን ማን አስተማረህ?»

«ኧረ ማንም ጌታዬ! ማዶ ተኝቼ ስሰማ ነው የያዝኩት። ብጠራቸው መለሱልኝ።» ዙሪያውን በኩራት አየ። «እዩት እንግዲህ፤ እኔ እንኳ ተማርኩት!»

አንበሳ ፈረደ። «ዕቅዱን የፈቀድኩት እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ አላጠፋም። ስለዚህ ጥፋተኛ የለም። ታረቁ።»

በዚያ አገር ይቅርታ የሚለምን ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል። ቀበሮ አንዲት ጠጠር አንገቱ ላይ አድርጎ መጣ። አያ ጅቦ ትልቅ ድንጋይ ይዞ መጣ፤ መንገድ ላይ ግን አጥንት እንደሆነ ብሎ ነክሶት አንድ ጥርሱ ተሰብሮ ነበር። የሳቁት እናቶችም ተሸክመው መጡ። የትርንጎ እናት መጨረሻ ላይ ቆመች፤ ድንጋዩ ያንቀጠቅጣታል።

«እመት አህይት፣ እኛን ይቅር በይን» አለች። «እኛም አንቺን ይቅር እንበልሽና ይለቅ።»

እመት አህይት ወደ እሷ ተጠጋች።

«ልጅሽ ዝም ማለት ታውቅ ነበር» አለች። «ከዘጠኙ ሁሉ እሷ ብቻ ከተፈጥሮዋ ታውቅ ነበር። ያስረሳኋት እኔ ነኝ። ስትመልስ ያጨበጨብኩላት እኔ ነኝ። ራሴን ያልማርኩ፣ አንቺን የምምርበት ከየት ይመጣል? ድንጋይሽን አውርጂ፤ ይከብድሻል።»

«እኛንስ?» አለ ቀበሮ፤ ጠጠሯን ወደ መሃል እየገፋ።

እመት አህይት ፊቷን ወደ ልጆቹ አዞረች። የቀሩትን አምስት ልጆች አንድ በአንድ አሸተተቻቸውና በፊታቸው ጸጥ ብላ ቆመች። የጃርቱ ልጅ ገባው፤ እሾኹን ሰብስቦ ልጥፍ ብሎ ተኛ። አራቱም ተከተሉት።

ከዚህ የምንማረው የሕፃናትን ትምህርት የሚያቅድ ሁሉ ጉብታ ላይ ለተቀመጠ ሰሚ ሳይሆን ቁጥቋጦ ውስጥ ለተደበቀው ልጅ ማቀድ እንዳለበት ነው፤ ይህ ትምህርት ግን ለትርንጎ አልደረሰላትም፤ እመት አህይትም እስክትሞት ድረስ ማንንም ይቅር አላለችም።