ከጉም ውስጥ ለሚጠይቅ
ድሮ ነው ልጆቼ፤ ባሕሩ ሞልቶ የዋርካውን ሥር ይልስ በነበረ ዘመን። ባሕረ ሰላጤው ያኔም እንደ ዛሬው የማጭድ ቅርጽ ነበረው። በእጀታው ዋርካ ሥር፣ በሆዱ ደንገል በር፣ በጫፉ አለት የሚባሉ መንደሮች ተቀምጠውበታል። ደንገል በር ታንኳ ያስራል፤ አለት ታንኳ ይቀድዳል፤ ዳርቻው ስለታም ድንጋይ ነውና።

በደንገል በር ደንገል አጭዳ ታንኳ የምታስር አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። አንድ ማለዳ ጉም ወረደ። ባሏ ደሴ ባሕር ላይ ነበር፤ አልተመለሰም። ታንኳው አለት ሥር ተበጣጥሶ ተገኘ፤ እሱ ግን አልተገኘም። ከዚያ ወዲያ የአንጓች እግር አላረፈም።

በዚያ ዘመን ከጉም ውስጥ ለሚጣራ አይመለስለትም ነበር። የሚጣራው የባሕሩ ጋኔን ነው፤ የመለሰለትን ይወስዳል ይሉ ነበር። ቀዛፊ መንገድ ጠፍቶት "ይህ ማን አገር ነው?" ቢል፣ ዳር ያለው ሰው አፉን በጋቢው ያፍናል። ጉድ እኮ ነው፤ ጋኔን ፈርተው ሰው ያስበላሉ።

አንጓች ዋርካ ሥር ሄደች። "ጉም ሲወርድ የአገራችሁን ስም ጥሩ፤ ቀዛፊ የት እንዳለ ይወቅ" አለች። ሐዘን አናቷ ላይ ወጥቶ ነው ብለው ሳቁባት። እግሯ አላረፈም። በራሷ መንደር ሽማግሌ ሰብስባ ያንኑ ነገረች። "ጋኔን ልታመጪብን ነው" ብለው ደንገል እንዳታጭድ ከለከሏት። ጦሟን አደረች፤ እግሯ ግን አላረፈም። ጉም በወረደ ቁጥር የደረሰችበትን አገር ስም እየጠራች ዳር ዳሩን ትሮጣለች።

የፈሩት ይደርሳል። አንድ ማለዳ አለት ስትደርስ የመንደሩ ጭቃ ሹም አያ ቢተው አፋቸውን በጋቢ አፍነው ዳር ቆመዋል። ከጉሙ ውስጥ አንድ ጎረምሳ "ይህ ማን አገር ነው?" ይላል።

"ልጅዎ ነው እኮ፣ አያ ቢተው" አለቻቸው።

"ጋኔኑ ድምፁን ሰርቆ ቢሆንስ?"

"እንግዲያ እኔን ይውሰደኝ" አለችና ጮኸች። "አለት ነው! ድንጋዩን ሽሽ፤ ድምፄን ተከተል!"

እየጮኸች ወደ ደንገል በር ሮጠች። ድምፁም ባሕር ባሕሩን ተከተላት። ልጁ ለስላሳው ደንገል ላይ በሰላም ወረደ።

አያ ቢተው ከኋላ እያለከለኩ ደርሰው እግሯ ላይ ወደቁ። "ያን ዕለት ደሴም ጠይቆ ነበር" አሉ። "ሰምቼ ዝም አልኩ።"

አንጓች ቀጥ ብላ ቆመች። "ምን አለ?"

"'ይህ ማን አገር ነው?' አለ። ደጋግሞ አለ።"

አልሰደበቻቸውም። ያንን ሁሉ መንገድ ወደ አለት ተመለሰች። ድንጋዩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ እግሯ ያን ጊዜ አረፈ። ወደ ውኃው ዞራም ቀስ ብላ፣ "አለት ነው፣ ደሴ" አለች። "አለት ነው።"

ይኸው እስከ ዛሬ ጉም ሲወርድ ሦስቱም መንደሮች ስማቸውን ይጠራሉ። ታንኳው ሁሉ ከገባ በኋላም አለት አንድ ጊዜ ይደግማል። እንግዳ ሰው "ሁሉ ገብቶ የለም ወይ፤ ይኸኛው ለማን ነው?" ያለ እንደሆነ፣ "ለደሴ ነው፤ ጠይቆ ነበር" ይሉታል።