የቀይዋ መኪና አውጫጭኝ

ተረት ልነግራችሁ ነው። ጆሮ ያለው ጆሮውን ያቅርብ፤ የሚያንቀላፋ ካለ ጎረቤቱ ይጎሽመው።

ድሮ ነው። ድሮ ስላችሁ ግን በጣም ድሮ አይደለም፤ ብረትና ሽቦ እንደ እኔና እንደ እናንተ ያወሩ በነበረበት ዘመን ነው። በዚያ ዘመን ጋሽ ይርዳው የሚባሉ ሰው አንዲት ቀይ የስፖርት መኪና ነበረቻቸው። ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው፤ ድምፅዋ ሰፈር ይቀሰቅሳል። ጋሽ ይርዳው ፊታቸውን ሳይታጠቡ እሷን ያጥቧታል እያሉ ጎረቤቶቻቸው ያሟቸው ነበር።

ይህች መኪና አንድ ቀን ዳገት ላይ ጉልበቷ ከዳት። ከድልድዩ ተነስታ ወደ ላይ ሰፈር ስትወጣ፣ መሐል ላይ "እህ!" አለችና ተልፈሰፈሰች። አህያ የሚጎትተው ጋሪ ቀደማት። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቢጫ መብራት ቦግ አለች። ዳገቱ አልቆ ሜዳው ሲመጣ ግን ጉልበቷ ተመለሰ፤ ጋራዥ ስትደርስ ደግሞ ምንም እንዳልነካት ሆነች። መካኒኩ ሙክታር ቢያስነሳት፣ ቢያጠፋት፣ ቢያስነሳት፣ ጤነኛ ናት። ሕመሟ ዳገት ላይ ብቻ ነው የሚነሳው።

ከኮፈኑ ሥር ያሉት ግን አንድ ነገር ገብቷቸዋል፦ መሐላቸው ሌባ አለ። ጉልበት ዝም ብሎ አይጠፋም፤ የሚወስደው አለ።

ከሁሉ ይልቅ ይህን የምትለው ፓምፒቱ ነበረች። ፓምፒቱ በነዳጅ ታንኩ ውስጥ፣ በጨለማ፣ ብቻዋን የምትኖር፣ ነዳጅ እየገፋች ወደ ሞተሩ የምትልክ ናት። ከሌሎቹ ጋር የምትገናኘው በሽቦ በሚመጣላት ድምፅ ብቻ ነው። ብቻዋን በጨለማ ስለምትኖርም ሁሉ ነገር ሹክሹክታ ይመስላታል። ሞተሩ ሲስቅ "በእኔ ነው የሚስቀው" ትላለች። ማራገቢያው ዝም ሲል "ምን ሸሽጎ ነው?" ትላለች።

አውጫጭኝ የሚባለውን ታውቃላችሁ? ዕቃ ሲሰረቅ የአገሩ ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ሌባው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ያየ ሰው ለዳኛ በስውር ሹክ ይላል፤ "ማን ነገረህ?" ሲሉት "ወፍ" ይላል። እነሱም እንደዚያ አደረጉ። ዳኛው ባትሪው ሆነ፤ ወፏ ቢጫዋ መብራት ሆነች።

ሙክታር ኮፈኑን ከፍቶ ምሳ ሊበላ ሲሄድ አውጫጭኙ ተጀመረ።

"ጉልበት ጠፍቷል!" አለ ባትሪው። "የወሰደ ይውጣ!"

"እኔ አይደለሁም!" አለ ካንዴላው።

"እኔ አይደለሁም!" አለ ማራገቢያው።

"እኔም አይደለሁም!" አለች ፓምፒቱ ከጨለማዋ። "ግን ማን እንደሆነ መገመት አያቅተኝም!"

"ወፏ ምን ትላለች?" አለ ባትሪው።

መብራቷ ቦግ አለች። "ዳገቱ ላይ የጮኸው አየር ለኪው ነው" አለች።

አየር ለኪው ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚለካው ትንሹ ዕቃ ነው። ደነገጠ። "ጮኼያለሁ! አሞኝ ነው የጮህኩት! መጮህና መስረቅ ምን አገናኘው?"

"ዋስ ጥራ" አለ ባትሪው።

"አባ ጥቁሬ ዋሴ ናቸው!"

አባ ጥቁሬ ማነው በሉኝ። የባትሪውን አንድ ጫፍ ከሞተሩ ብረት ጋር በቡሎን የሚያስር ወፍራም ጥቁር ሽቦ ነው። ከባትሪው የወጣ ጉልበት ሁሉ ሥራውን ሠርቶ ወደ ቤቱ የሚመለሰው በእሱ በኩል ነው። ስለዚህ ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም ያከብረዋል፣ ሁሉም አባ ይለዋል። ጉሮሮውን ጠረገና "ልጁን አውቀዋለሁ። ደኅና ልጅ ነበር። ግን ወፏ ካለች እኔ ምን እላለሁ?" አለ።

"ድሮም ዓይኑ አላማረኝም!" አለች ፓምፒቱ። እንግዲህ ፓምፒቱ የአየር ለኪውን ዓይን አንድ ቀን እንኳ አይታው አታውቅም።

ሙክታር ከምሳ ሲመለስ የብልሽት ኮድ ማንበቢያ ማሽኑን ሰካ፣ የአየር ለኪውን ኮድ አነበበ፣ ነቀለው፤ በቦታው አዲስ ገጠመ። በማግስቱ "ቁራሌው! ቁራሌው!" እያለ ያለፈው ሰውዬ አሮጌውን አየር ለኪ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር በጆንያ ከትቶ ወሰደው። ሲሄድ ጩኸቱ እስከ ታንኩ ተሰማ። ፓምፒቱ "እሰይ! ሌባው ወጣ" አለች።

ሌባው ግን አልወጣም። ጋሽ ይርዳው ዳገቱን ጀመሩ፤ መኪናዋ "እህ!" አለች፤ ጋሪው ቀደማት።

እንደገና አውጫጭኝ ሆነ። ወፏ "አሁን የጮኸው ካንዴላው ነው" አለች። ካንዴላው እሳት እየፈነጠቀ ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ነው። "ዋስህ ማነው?" ቢሉት "አባ ጥቁሬ!" አለ። አባ ጥቁሬም ጉሮሮውን ጠረገና "አውቀዋለሁ፤ ግን ወፏ ካለች..." አለ። ፓምፒቱም "እሳት የሚተፋ ነገር ሲታመን አይቼ አላውቅም!" አለች። ካንዴላው ተነቀለ፤ አዲስ ተገጠመ።

ሦስተኛው ቀን መጣ። መኪናዋ ዳገቱ መሐል ደረሰች። ፓምፒቱ ነዳጅ እየገፋች ሳለ ጉልበቷ ከእጇ ሾልኮ ጠፋ፤ መሄጃው የተዘጋባት መሰላት። ሳታስበው "ኡኡ!" አለች። ወዲያው አፏን ያዘች፤ ግን ወፏ ሰምታለች።

አውጫጭኙ ላይ መብራቷ ቦግ ብላ "የጮኸችው ፓምፒቱ ናት" አለች።

"ድሮም ጠርጥሬያት ነበር!" አለ ማራገቢያው። "በጨለማ ተደብቃ የምትኖር!"

"አሞኝ ነው የጮህኩት!" አለች ፓምፒቱ። ይህን ቃል ከዚህ በፊት ሰምታዋለች፤ ከማን አፍ እንደሆነ ትዝ ሲላት በረዳት።

"ዋስ ጥሪ" አለ ባትሪው።

"አባ ጥቁሬ..."

አባ ጥቁሬ ጉሮሮውን ጠረገ።

ሙክታር ማሽኑን አየና ለጋሽ ይርዳው ደወለ። "ጋሽዬ፣ ፓምፑ ነው። አዝዣለሁ፤ ነገ ይደርሳል። እሱን ቀይረን እንገላገላለን።"

ፓምፒቱ አንድ ቀን ቀራት። ነገ እሷም በቁራሌው ጆንያ ውስጥ ናት።

ከሰዓት በኋላ የጋራዡ አይጥ በታንኩ አጠገብ ስታልፍ ፓምፒቱ ኮቴዋን ሰማች። "ማነሽ? ሽቦ ልትቆረጥሚ ነው የመጣሽው? ለካ አንቺ ነሽ!"

"ተይኝ እባክሽ" አለች አይጧ። "ሽቦ የሚቆረጥመው የአጎቴ ልጅ ነው፤ እኔ ዳቦ ነው የምወደው። ይልቅ አንድ ወሬ ልንገርሽ? ያ የነቀላችሁት ካንዴላ ባጃጅ ላይ ተገጥሞ አየሁት። ባጃጇን እንደ ፌንጣ ያዘልላታል። ምንም አልሆነም።"

"ምንም አልሆነም? ሌባ እኮ ነው!"

"እኔ ያየሁትን ነው የነገርኩሽ። ጤነኛ ነው" ብላ አይጧ ሄደች።

ፓምፒቱ በጨለማዋ ተቀመጠችና አሰበች። ካንዴላው ጤነኛ ከሆነ አየር ለኪውም ጤነኛ ነበር ማለት ነው። እሷም ጤነኛ ናት። ታዲያ ሦስት ጤነኛ እንዴት በየተራ ይጮሃል? ሦስታችን የምንገናኘው የት ነው? አለች። ከዚያ ትዝ አላት። የአየር ለኪው ዋስ ማን ነበር? አባ ጥቁሬ። የካንዴላውስ? አባ ጥቁሬ። የእኔስ?

ዋስ የሆነውን ማን ጠይቆት ያውቃል?

"አባ ጥቁሬ" አለች በሽቦው። "ዳገት ላይ እጅዎ ይላላል እንዴ?"

አባ ጥቁሬ ቆጣ አለ። "እኔን ነው? እኔን ጠረጠርሽ?"

"አልጠረጠርኩም፤ ጠየቅሁ።"

"ስሚ ልጄ" አለ አባ ጥቁሬ ድምፁን አለስልሶ። "ነገ ሳይነቅሉሽ በፊት መኪናዋን እንደገና ዳገቱ ላይ ይሞክሯት ይሆናል። ዝም በይ። አፍሽን ያዢ። ሌላው ይጩህ። የጮኸ ነው የሚነቀለው፤ ይህን አታውቂም? ለሁሉም የምመክረው ይህንኑ ነው።"

ፓምፒቱ ቀዝቃዛ ነዳጅ ያፈሰሱባት መሰላት። "ለሁሉም?"

ከዚያ በኋላ ዝም አላለችም። ለአዲሱ ካንዴላ ደወለችለት በሉት። "አንተ፣ እውነቱን ንገረኝ። ዛሬ ዳገቱ ላይ ምንም አልተሰማህም?"

"እኔ አዲስ ነኝ" አለ ካንዴላው ኮራ ብሎ። "የእናንተ ጣጣ አያገባኝም።"

"እሱ አይደለም የጠየቅሁህ።"

ካንዴላው በቀስታ "እሳቴ ጠፍቶብኝ ነበር" አለ። "አባ ጥቁሬ ዝም በል ስላሉኝ ዝም አልኩ።"

አዲሱን አየር ለኪ ጠየቀችው። እሱም መጀመሪያ "ልታጠምጂኝ ነው" አለ፤ ከዚያ "ልኬቱ ተደባልቆብኝ ነበር፤ ፈርቼ ዋጥኩት" አለ።

"እንግዲያው ነገ ሦስታችንም አብረን እንጩህ" አለች ፓምፒቱ።

"እብድ ነሽ!" አለ ካንዴላው። "አንቺ እንደሆነ መነቀልሽ አይቀርም፤ ይዘሽን ልትሄጂ ነው የፈለግሽው። እኛ ስንጮህ አንቺ ዝም ብትይስ?"

ይህን ስትሰማ ፓምፒቱ ልቧ ተሰበረ፤ ምክንያቱም በእነሱ ቦታ ብትሆን እሷም ይህንኑ ትል ነበር። "እኔ ቀድሜ እጮሃለሁ" አለች። "ካላመናችሁኝ ዝም በሉ።" ካመኗት አላመኗት የነገራት የለም።

በማግስቱ አዲሱ ፓምፕ በካርቶን ተጠቅልሎ መጣ። ሙክታር "ጋሽዬ፣ ከመፍታቴ በፊት አንዴ ዳገቱን እንያት" አለ። ጋሽ ይርዳው መሪውን ያዙ፤ ሙክታር ማሽኑን ታቅፎ ጎናቸው ተቀመጠ። ድልድዩን አለፉ። ዳገቱ ተጀመረ። ሞተሩ ጉልበት አውጥቶ ወደ ጎኑ ጋደል ሲል፣ መኪናዋ "እህ!" አለች።

"ኡኡ!" አለች ፓምፒቱ።

ሌላው ዝም አለ። ፓምፒቱ በቃኝ፣ አለቀልኝ አለች።

"ኡኡ!" አለ አየር ለኪው።

"እሳቴ! ኡኡ!" አለ ካንዴላው።

መብራቷ ግራ ገባት። "በየተራ! በየተራ ጩኹ እንጂ!" እያለች ቦግ እልም፣ ቦግ እልም አለች።

"ምንድን ነው ይሄ!" አሉ ጋሽ ይርዳው።

"ጋሽዬ፣ ሦስት ኮድ አንድ ላይ መጣ!"

"ታዲያ ሦስቱንም ቀይራቸዋ! ምን ትጠብቃለህ?"

 አባ ጥቁሬ "አላልኳችሁም?" አለ።

ሙክታር ማሽኑን ትክ ብሎ አየው። "ቆይ ጋሽዬ። ሁለቱን እኮ በዚህ ሳምንት ነው የገጠምኳቸው። ሦስት ሰው እኩል አይታመምም፤ አንድ የሚያገናኛቸው ነገር አለ። የእጅ ፍሬኑን ይያዙልኝ፤ እዚሁ ዳገቱ ላይ ይቁሙ። ሞተሩን አያጥፉት።"

ወረደ፣ ኮፈኑን ከፈተ። "አሁን ፍሪሲዮኑን በትንሹ ለቀቅ፣ ነዳጅ ሰጠት ያድርጉ!" ሞተሩ ጋደል አለ። ሙክታር ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በዓይኑ ተከተለ፤ የሁሉም መመለሻ ጋ ሲደርስ እጁን ጥቁሩ ሽቦ ላይ ጫነ። ሞተሩ በጋደለ ቁጥር ሽቦው ከብረቱ ይላቀቃል፣ ይመለሳል፣ ይላቀቃል። ቡሎኑ ላልቷል፤ ሥሩ በአረንጓዴ ዝገት ተሸፍኗል።

"ወይኔ!" አለ ሙክታር ራሱን እየያዘ። "ይሄ ነው እንዴ? ጋሽዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፈረድኩ እንጂ አልመረመርኩም።"

"እና እሱን ትጥለዋለህ?" አሉ ጋሽ ይርዳው አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው።

"ምን ያስጥለዋል? ይጸዳል፣ ይጠበቃል።"

በብርጭቆ ወረቀት ፈተገው። ቡሎኑን አጠበቀው። አንድ ብርጭቆ ሻይ ተጠጥቶ በሚያልቅበት ጊዜ ተጠናቀቀ። ቀይዋ መኪና ዳገቱን ወጣችው፤ መብራቷም ጠፋች። አዲሱ ፓምፕ ከካርቶኑ ሳይወጣ ወደ ሱቁ ተመለሰ።

አባ ጥቁሬ በሽቦው ሁሉ ድምፁን ላከ። "ይቅር በሉኝ። ዝገቱ የገባብኝ ክረምት ላይ ነው። ብናገር ለቁራሌው የምሰጥ መስሎኝ ፈራሁ።"

ማራገቢያው ሊሳደብ ጀመረ። ፓምፒቱ አስቆመችው።

"አየር ለኪውም ፈርቶ ነበር፣ አባ ጥቁሬ" አለች። "የእርስዎ ሕመም በብርጭቆ ወረቀት የሚለቅ ነበር፤ እሱ በጆንያ ሄደ። እርስዎ ዝም አሉ። እኔ ፈረድኩ። እኔንና እርስዎን ይቅር የሚለን እሱ ነበር፤ እሱ ደግሞ የለም።"



ተረቴን ያዙልኝ፣ እኔም ጉሮሮዬን በውኃ ላርጥብ። እናንተም ይህን ያዙ፦ አሞኛል ብሎ የጮኸውን ሁሉ ሌባ ካላችሁት፣ የታመመ ሁሉ ዝም ማለት ይማራል፤ ሁሉም ዝም ባለበት ደግሞ የምታባርሩት ጤነኛውን ነው።