መሪጌታ ይሁኔና የቅርጫው በሬ

ይህን ያወራኝ አጎቴ ነው። እሱ ራሱ ከማን እንደሰማው ስጠይቀው ይቆጣል፤ ስለዚህ ከእሱ ነው ብላችሁ ያዙት።

መሪጌታ ይሁኔ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ፣ ከዋርካው ሥር ልጆች ያስተምሩ ነበር። ስምንተኛን ከስምንተኛ መደመር ልጆቹን አልገባ ሲላቸው ስምንት ጠጠር ይደረድሩና «ይህ የቅርጫ በሬ ነው፤ ስምንት መደብ ወጥቶታል። አባትህ ሁለት ስምንተኛ ወሰደ፣ አጎትህ ሦስት ስምንተኛ ወሰደ። ስንት ሄደ?» ይላሉ። ልጆቹ ቁጥር ቢጠሉም ሥጋ አይጠሉም፤ «አምስት ስምንተኛ» ይላሉ ባንድ አፍ። የሰፈሩ ባለጸጋ ባላምባራስ ጓንጉል፣ ያ እጃቸው የማይፈታው፣ በሁዳዴ በዚያ ሲያልፉ ይህን ሰሙና «መሪጌታ፣ በጾም ሥጋ ያስቆጥራሉ?» አሏቸው።

«ጌታዬ፣ ቆጠርን እንጂ አልቀመስንም።»

ከተማሪዎቹ አንዷ ስንዱ ናት፤ ዘነቡ የምትባል መበለት ልጅ። አንድ ቀን አንድ ስምንተኛና ሁለት ስምንተኛ ደምሪ ተባለች። ላይ ያሉትን ደመረች፣ ታች ያሉትንም ደመረችና «ሦስት ዐሥራ ስድስተኛ» አለች። ልጆቹ ሳቁባት። መሪጌታ አልሳቁም፤ ጠጠሮቹን ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት።

«ልጄ፣ ታችኛው ቁጥር የቢላዋው ነው፣ ላይኛው የበላተኛው። በላተኛ ቢላዋ አይበላም።»

ሌላ ቀን የወረዳው ዳኛ ቀኛዝማች ወንድይራድ መጥተው ትምህርቱን ቆመው አዩ። እሳቸው እንኳ ደግ ሰው ነበሩ፤ ችግራቸው ትልቅ ቁጥር ሲሰሙ እውነት ይመስላቸዋል። «ዓመቱን ሙሉ ስምንተኛ ከስምንተኛ ነው። ታቹ የተለያየውን መቼ ሊያስተምሩ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«በአንድ በሬ ሳይጣላ የሚካፈል አገር ስናገኝ።»

ፋሲካ ደረሰ። በሬው ታረደ፤ ስምንት መደብ ወጣው። ዘነቡ በቅርጫው አንድ ስምንተኛ ነበራት፤ ወንድሟ ደግሞ ወደ ቆላ ሲወርድ የራሱን ሁለት ስምንተኛ ትቶላታል። ልጆቿ ሁዳዴን ሙሉ በሽሮ ከርመው ያቺን ቀን ነው የሚጠብቁት። የቅርጫው አለቃ ባላምባራስ ግን አንድ መደብ ሰጧት፣ ሌላውን ለሁለት ገመሱና ግማሹን ጨመሩላት፣ የቀረውን አንድ መደብ ተኩል ወደ ራሳቸው ሳቡ። «አንድና ሁለት ሦስት፤ ስምንትና ስምንት ዐሥራ ስድስት። ሦስት ዐሥራ ስድስተኛ ነው የሚደርስሽ» አሏት። ዘነቡ ቁጥር አታውቅም፤ ዕንባዋ መጣ። ስንዱ ግን ሥጋውን አየችና «እማዬ፣ ቢላዋው ተበልቷል» አለቻት።

እናትና ልጅ ዳኛው ዘንድ ሄዱ፤ ቀኛዝማች መሪጌታን አስጠርተው ሁሉም ሥጋው ወዳለበት መጡ።

«በሬው ስንት መደብ ወጣው?» አሉ መሪጌታ።

«ስምንት» አሉ ባላምባራስ።

«ዐሥራ ስድስቱ ከየት መጣ?»

«ከድምሩ።»

ቀኛዝማች ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ፤ ዐሥራ ስድስት ደኅና ትልቅ ቁጥር ነው። ዘነቡ ልጇን ይዛ ልትነሣ ስትል መሪጌታ ወደ ባላምባራስ በቅሎ ዞር አሉ። «በቅሎዋ ቆማለች፤ ለእርስዎስ ስንት እንጫን?»

«ለቤቴ አንድ ስምንተኛ፣ ለልጄ ቤት ሁለት ስምንተኛ።»

«ሲደመር?»

«ሦስት ስምንተኛ፤ ሦስት ሙሉ መደብ። ምን ይጠየቃል?» አሉ ባላምባራስ፣ ዓይናቸው ከሥጋው ሳይነሣ።

ቀኛዝማች ባላምባራስን አዩ፣ ዘነቡን አዩና «የሷም አንድና ሁለት ነው» አሉ። የተቀማችውን ራሳቸው አንሥተው በዘነቡ ቅርጫት ላይ ጨመሩላት፤ ሦስት መደብ ሞላ። ስንዱ ቅርጫቱን በአንድ ወገን ያዘች።

ባላምባራስ አፈሩ፤ ያፈረ ሰው ደግሞ ይቆጣል። «እንግዲያ የእኔ ዐሥራ ስድስት ውሸት ነው ማለትዎ ነው?» አሉ።

«ኧረ ጌታዬ፣ እውነት ነው። ዐሥራ ስድስት መደብ ከሁለት በሬ ይወጣል። ሁለተኛውን የት እንዳሰሩት ብቻ ይንገሩን።»