ለእማማ ውዴነሽ የተደወለው ደወል

አንድ በለቅሶ ደራሽነቱ ስሙ የገነነ የኤጲስ ቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን አጥቢያ ነበር። ሰው ሲሞት ደወሉ በዝግታ ይደወላል። ምእመኑ ሁሉ ሥራውን ጥሎ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል። ወንዶቹ ድንኳን፣ ሴቶቹ የንፍሮ ድስት ተሸክመው ቄሱን ይከተላሉ። ጳጳሱ አንድ ጊዜ ሊጎበኙ መጥተው «እንዲህ ያለ ፍቅር የትም አላየሁም» ብለው መርቀዋቸው ስለነበር የአጥቢያው አስተዳዳሪ ቄስ መልሳቸው ከኩራት ብዛት መሬት አይበቃቸውም ነበር።

እኚሁ ጳጳስ ዳግመኛ ሊመጡ ነው ተባለ። ቄሱም በጥልፍ የተሠራው የመሠዊያ ልብስ እማማ ውዴነሽ ቤት መቅረቱ ትዝ አላቸውና እንዲያመጣው ዘበኛውን ላኩት። እማማ ውዴነሽ የመሠዊያውን አልባሳት ዘመናቸውን ሙሉ እያጠቡና እየተኮሱ ያገለገሉ፣ ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ ግን ከቤት የማይወጡ ብቸኛ ባልቴት ናቸው። ዘበኛው ቢያንኳኳ ቢያንኳኳ የሚመልስ አጥቶ እያለከለከ ተመለሰ። ቄሱ ሄጄ ልይ አላሉም። ዕድሜም አለ፣ ሕመምም አለ፣ አርፈዋል ማለት ነው አሉና ደወሉን አስደወሉ።

ሰው እንደ ልማዱ ጎረፈ። የእማማ ውዴነሽ ግቢ በዋይታ ተሞላ፣ ድንኳኑም መተከል ጀመረ። አስከሬን ሊገንዙ የገቡት ሴቶች ግን በሩን ገፋ እንዳደረጉ ጮኸው ወደ ኋላ ሸሹ። ቄስ መልሳቸው ራሳቸው ገቡ፤ ገብተውም ክው ብለው ቀሩ። እማማ ውዴነሽ አልጋቸው ላይ ግድግዳውን ተደግፈው ዓይን ዓይናቸውን ያዩዋቸዋል። ዘበኛው ሲያንኳኳ መልሰውለት ነበር፤ ድምፃቸው ግን ከበሩ ማለፍ አልቻለም።

«አርፈዋል ተብለን እኮ ነው የመጣነው፣ እማማ» አሉ ቄሱ እየተንተባተቡ።

«አስቸኰልኳችሁ እንግዲህ» አሉ ባልቴቷ።

ሰዉ እፎይ አለ፤ እግዚአብሔርንም አመሰገነ። ከዚያ የሚይዘውን የሚጨብጠውን አጣ። ለቅሶ ሲሆን ማን ምን እንደሚሠራ ሁሉም ያውቃል፤ ለታመመ ሰው ምን እንደሚደረግ ግን በዚያ አጥቢያ ልማድ አልወጣለትም። ወንዶቹ ድንኳኑን መጠቅለል ጀመሩ። ሴቶቹ ስለ ንፍሮው ቢጠይቋቸው ቄሱ ሳያስቡት «መልሱት፣ ለቅሶ የለም» አሉ።

ድስቱ ሲነሣ የእማማ ውዴነሽ ዓይን አብሮት ሄደ።

«አባ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ከጾም መያዣ ወዲህ ይህን ደጃፍ የረገጠ ሰው የለም። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ከዚያ ንፍሮ ለመቅመስ የግድ መሞት አለብኝ?»

ቄስ መልሳቸው ደነገጡ፤ ሞቱ የተባሉት ሴት በሕይወት ተገኝተው ካስደነገጧቸው ይልቅ አሁን የገዛ አፋቸው አስደነገጣቸው። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው እያሉ የሚሰብኩት እሳቸው፣ ከተራበ ሰው ፊት ምግብ አስነሥተዋል። ያውም በመጀመሪያ ሰው የላኩት እኚህን ሴት ሊጠይቅ ሳይሆን ጨርቅ ሊያመጣ ነበር። አፈሩ፣ በጣም አፈሩ። ድስቱን ከሴቶቹ እጅ ተቀብለው አልጋው አጠገብ ተንበረከኩና በእጃቸው ያጎርሷቸው ጀመር።

እማማ ውዴነሽ ጥቂት እንደቀመሱ ውኃ ጠየቁ። ከጠጡም በኋላ ደጃፉ ላይ የተኮለኮለውን ሰው አይተው፣ «ሁላችሁም አትምጡ፤ ነገ አንዳችሁ ብቻ ብቅ በሉ» አሉ።

ወዳጆቼ፣ ሙት መሸኘት ደግ ነገር ነው። ሙት ግን አይርበውም፣ አይጠማውም፣ ማን መጣ ማን ቀረም አይልም። ያን ሁሉ የሚለው በቁሙ ያለው ነው፤ እኛ ደግሞ ፍቅራችንን ሁሉ ለቀብሩ ቀን እናስቀምጥለታለን። ለመሆኑ በእናንተ አጥቢያ ድምፁ ከበሩ የማያልፍ ማን አለ? ዛሬውኑ ሄዳችሁ አንኳኩ፤ መልስ ብታጡም ከፍታችሁ ግቡ።