ለአንበሳ የተሠራው ብስክሌት

አንድ ጊዜ እንስሳት ሁሉ ውኃ የሚቀዱት ከአንድ ወንዝ ነበር፤ ወደ ወንዙ የሚወስደው መንገድ ደግሞ በአያ ጅቦ ሸለቆ ያልፋል። በእግሩ ከሚሄደው አንዳንዱ ይመለሳል፣ አንዳንዱ አይመለስም። የእመት አህያ ታላቅ እህት ካልተመለሱት አንዷ ናት። ብስክሌት ያላቸው ግን ቁልቁለቱን እንደ ነፋስ ወርደው፣ ዳገቱን በፍጥነት ወጥተው፣ አያ ጅቦ ከተጋደመበት ሳይነሣ ያልፉታል።

ብስክሌት የሚሠራው አያ ቀበሮ ነው። እመት አህያ ሄዳ «አንድ ሥራልኝ» አለችው።

«ምን ትሰጪኛለሽ?»

«ጀርባዬን።»

ተስማሙ። እመት አህያ ከአደይ አበባ እስከ አደይ አበባ ለቀበሮ አዲስ ቤት ድንጋይ አመላለሰች። ጀርባዋ ገጣባ ሆነ፤ ዝንብ ሲወርርባት እንኳ «ብስክሌቴ እየተሠራ ነው» እያለች ትጽናና ነበር።

ዓመቱ ሲሞላ ቀበሮ ወደ ጓዳው ገባ። በእርሷ ልክ የሠራውን ብስክሌት ባለፈው ሳምንት አጋዘን ሁለት ቅል ማር ይዞ መጥቶ ወስዶታል። የቀረው አያ አንበሶ አሠርቶ «ቀለሙን አልወደድኩትም» ብሎ የተወው ብቻ ነው። ቀበሮ አቧራውን በጅራቱ አራግፎ አወጣው።

«እመት አህያ፣ ይኸውልዎ የንጉሥ ብስክሌት። ለእርስዎ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት።»

ወጣችበት። መቀመጫው እስከ መጨረሻው ዝቅ ብሎም ኮቴዋ ፔዳሉን የሚያገኘው ወደ ላይ ሲመጣ ብቻ ነው፤ ወደ ታች ሲወርድ ይሸሻታል። መሪውን ለመያዝ ደግሞ አንገቷን አስግጋ በሆዷ መተኛት ነበረባት።

«አያ ቀበሮ፣ ትንሽ አልረዘመብኝም?»

«ጆሮዎ ሲረዝም ቅር አላለዎትም፤ ብስክሌቱ ቢረዝም ምን አለበት? ይለምዱታል።»

ከበው የሚያዩት ሳቁ። እርሷም አብራ ሳቀች።

ጎረቤቷ እመት ጦጢት ግን አልሳቀችም። ወደ ቤት ሲመለሱ ጠጋ አለቻትና «እህቴ፣ መልሺለት» አለች። «ብስክሌት ሲቆም እግር መሬት መንካት አለበት። ያንቺ አይነካም።»

«አልቆምማ።»

«ዳገቱ ያቆምሻል። ተዪው፤ በጉብታው ዞረን አብረን እንሂድ። ይርቃል እንጂ ጅብ የለበትም።»

እመት አህያ ብስክሌቷን እየገፋች መንገዷን ቀጠለች። «ዓመት ሙሉ ድንጋይ ተሸክሜለታለሁ» አለች። «ልኬ አይደለም ካልኩ፣ ለምን ተሸከምኩ?»



እመት አህያ በየቀኑ ሜዳ ላይ ተለማመደች። የሚሸሻትን ፔዳል ለመድረስ ወገቧ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ሲሰበር፣ ከሩቅ የሚያዩዋት በጎችና ፍየሎች «የንጉሥ ብስክሌት ነው እኮ» እየተባባሉ ያደንቋታል። ቤቷ ስትገባ ጉልበቷን በሞቀ የጨው ውኃ ታሻለች። ጉልበቷ እያበጠ ሲሄድ ወደ ቀበሮ ተመለሰች።

«ምናልባት የሚስተካከል ነገር ካለ ብዬ ነው» አለች አቀርቅራ።

«ብስክሌቱ ደህና ነው። የታመመው ጉልበትሽ ነው፤ ሂጂና ታከሚ» አላት። ያን ዕለት «እርስዎ» ያላት ይኸው አፍ ነው።

በሦስተኛው ቀን ቤቷ ውስጥ ጠብታ ውኃ ጠፋ። በቀትር ባዶ ቅሎቿን አስራ ወጣች።

አያ ጅቦ ከቁጥቋጦ ሥር ተጋድሞ ነበር። ብስክሌቱን ከሩቅ አይቶ አወቀው። «ንጉሡ መጣ» ብሎ ፊቱን አፈር ውስጥ ቀበረ። እመት አህያም ቁልቁለቱን ወርዳ በአጠገቡ አለፈች። ከዚያ ዳገቱ መጣ። ፔዳሉ ወደ ታች ሲወርድ ኮቴዋ አየር ረገጠ፤ ብስክሌቱ ቆመ፤ እግሯ መሬት ፈለገና አጣ። ወደቀች። የኋላ እግሯ በብረቱ መካከል ተቀረቀረ።

ጅቦ ድምፁን ሰምቶ አንድ ዓይኑን ገለጠ።

«ንጉሡ የት አለ?»

«ከኋላ እየመጣ ነው።»

ጅቦ አመናት። ራቅ ብሎ ተቀመጠና ምራቁን እየዋጠ ጠበቀ። እርሷም እግሯን ለማውጣት ታገለች፤ ያበጠው ጉልበቷ ግን አልታዘዝ አላት። ፀሐይ አዘነበለች። ንጉሥ አልመጣም።

«ብስክሌቱ የንጉሡ ነው፤ አውቀዋለሁ» አለ ጅቦ። «አንቺ ምን ታደርጊበታለሽ?»

«የኔ ነው። ለፍቼበታለሁ።»

ጅቦ ብስክሌቱን አየ፤ እግሯን አየ። ሞኝ ቢሆንም ዓይን አለው።

«ልክሽ ነው?»

እመት አህያ ደክሟት ነበር። መዋሸትም እንደ ድንጋዩ ከበዳት።

«አይደለም» አለች።

«እንግዲያው ልክሽ ያልሆነውን የያዝሽው በእውነት ስለለፋሽበት ነው እንጂ፣ ንጉሥ ለአህያ ብስክሌት አያውስም። ብስክሌቱን ትቶታል፤ አይመጣም ማለት ነው» አለ ጅቦ፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አስቦ። ከዚያም ተነሣ።

በማግስቱ ጦጢት ፈልጋ ያገኘችው አራት ኮቴና ያልተነካ ብስክሌት ነው። ወደ ቀበሮ ሄዳ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ልኳ እንዳልነበረ ታውቅ ነበር» አለችው።

«እርሷም ታውቅ ነበር» አለ ቀበሮ፣ ሥራውን ሳያቋርጥ።

ከዚህ የምንማረው፣ ልካችን ያልሆነውን ነገር ስለለፋንበት ብቻ «ልኬ ነው» ማለት፣ የባከነ አንድ ዓመት ለማትረፍ የቀረውን ዕድሜ መስጠት መሆኑን ነው።